ለልክ የተላከው ቀሚስ

ዓይኔ የመርፌዋን ቀዳዳ ማግኘት እምቢ ካለኝ ወዲህ ሥራ አቁሜያለሁ። ቆቦ ገበያው አጠገብ ካለው በረንዳ ላይ ማሽኔን ሳነሳ ሰው የሚተወኝ መስሎኝ ነበር፤ አልተወኝም። ወጣት ጠላፊዎች ቤቴ ድረስ በባጃጅ እየመጡ፣ ስልካቸውን እየነካኩ፣ «አያ መኮንን፣ ሐሳብ ሲያልቅብህ ምን ታደርግ ነበር?» ይሉኛል። ጥያቄው ያናድደኛል። ሐሳብን ከሱቅ እንደሚያልቅ ስኳር አድርገው ነው የሚያወሩት። ከተናደድኩ በኋላ ደግሞ አዝንላቸዋለሁ፤ የኔም እጅ የደረቀበትን ጊዜ አልረሳሁትማ። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል፤ ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ ካለ ይሄን ያንብብ።

ሥራዬ ጥልፍ ነበር። በእግር ማሽን የሴት ቀሚስ እጠልፋለሁ፤ ደረቱን፣ እጅጌውን፣ የታች ጠርዙን። በኛ በራያ በኩል የሙሽራ ቀሚስ ያለ ጥልፍ ቀሚስ አይባልም። ማሽኗ ለተራ ስፌት ስትሆን ጨርቁን ተጭኖ የሚይዝ እግር አላት፤ ለጥልፍ እሱን አውልቀህ ታስቀምጠዋለህ። ጨርቁን በክብ እንጨት ወጥረህ፣ በሁለት እጅህ ይዘህ ከመርፌዋ ሥር ታንሸራትተዋለህ። መርፌዋ ካለችበት አትንቀሳቀስም፤ የሚሄደው ጨርቁ ነው። እግርህ ይረግጣል፣ እጅህ ይስላል፣ ለአፍታ ሐሳብህ ከሸፈተ መርፌዋ ጣትህ ውስጥ ናት። የግራ አመልካች ጣቴ ጫፍ እስከ ዛሬ ሙቀትና ቅዝቃዜ አይለይም።

ያስተማሩኝ አያ ሁሴን የሚባሉ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሰው ናቸው። ጨርቅ ላይ የምንነድፈው በደረቀ ሳሙና ነው፤ ሲታጠብ ስለሚጠፋ። እሳቸው የሳሙናዋን ስባሪ ከጆሯቸው ጀርባ ሰክተው ይውላሉ። መርፌ ከማውረዳቸው በፊት «ቢስሚላህ» ይላሉ፤ ሥራው ሲሄድላቸው መንዙማ ያንጎራጉራሉ። መንዙማው ድንገት ከተቋረጠ እጃቸው ተይዟል ማለት ነውና በረንዳው ሁሉ ጸጥ ይላል። ያኔ ሌሎቻችን እንደምናደርገው ጨርቁ ላይ አፍጥጠው አይቀመጡም። ተነስተው «መነሻ አጣሁ» ይሉና መነሻ ፍለጋ ይገባሉ።

መነሻ የሚሉት ምንም ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን የክር ጣሳው ውስጥ ይከታሉ፤ የወጣው ቀለም ምንም ይሁን ምን ሥራው በሱ ይጀመራል። አንድ ጊዜ አመድማ ክር ወጣላቸውና ለኔ ወረወሩልኝ።

«አያ፣ አመድማ ለሙሽራ?» አልኩ።

«አንተ ነህ እንጂ አመድማ፣ ክሩ ምን አረገ! በል ወዝ አውጣለት።»

ቀኑን ሙሉ ያንን ክር ስረግመው ዋልኩ። ወደ ማምሻው ግን ከጎኑ ቢጫ ሳስጠጋበት ቢጫው እንደዚያ ሲበራ አይቼው አላውቅም። ሌላ ቀን «ክሩን አንዴም ሳትበጥስ ደረቱን ጨርስ» ብለው ያዙኛል። ሌላ ቀን ደግሞ «ቀኝ እጅህ የለመደውን ነው የሚቀባጥረው፤ አሳርፈውና በግራህ ንደፍ» ይሉኛል። በግራዬ የነደፍኩት ሲንቀጠቀጥ ጎረቤቶቻችን ይስቁብኝ ነበር። እኔም ሽማግሌው ሆን ብለው የሚያላግጡብኝ ይመስለኝ ነበር።

ከሁሉም የሚበልጠው መነሻቸው ግን የልክ ቀሚስ ነው። የሙሽራዋን ቀሚስ የሚያሠራው የወንዱ ወገን ነው፤ ለጥሎሽ ይቀርባል። እሷ ቀድማ አታየውም፣ ጠላፊውም እሷን አያያትም። ለልክ እንዲሆን የለበሰችውን አንድ ቀሚስ በአማላጅ ትልካለች። ሌላው ሰፊ ለክቶ ወዲያ ይወረውረዋል። አያ ሁሴን ግን ወደ ውስጥ ይገለብጡታል። «በውጭ በኩል አጥባዋለች፣ ተኩሳዋለች። እኛን የሚያገባን በዚህ በኩል ያለው ነው» ይላሉ። ከዚያ ሐኪም ሕመምተኛ እንደሚያይ ያዩታል። ትከሻው ላይ የጄሪካን ገመድ ያሳሳው ቦታ አለ? ጥልፉ ከዚያ ይነሳል። አንዴ ከጎብዬ የመጣ ቀሚስ የታች ጠርዙ ውስጥ የጨጎጎት ቅንጣት እንደተሰገሰገበት ነበር። እሳቸው ያንን ጨጎጎት ይዘው ከጠርዙ እስከ ጉልበት በጥልፍ አወጡት፤ ጎብዬ ገበያ ላይ ሴቶች የዚያን ቀሚስ ነገር እያነሱ እየጣሉ ከረሙ።

እኔ መሃል ላይ ወልድያ ሄጄ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ቤት ተቀጥሬ ነበር። አለቃችን ያለ ማስመሪያ የማይናገር ሰው ነው። አንድ ቀን ሲሰለቸኝ አንዲት ኪስ ውስጥ፣ በማይታይበት በኩል፣ ትንሽ አበባ ጠለፍኩ። አገኛት። «ይሄን ማን አዘዘህ?» አለኝ። ደሞዙ ቋሚ ስለነበር ጥቂት ዓመት ታግሼ ወደ ቆቦ ተመለስኩ። አያ ሁሴን ያን ጊዜ ደክመው ነበር፤ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉና በረንዳቸውን እኔ ያዝኩ።

ከዚያ ጦርነቱ፣ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። መንገድ ተዘጋ፣ ሰው ከቀዬው ሸሸ፣ እኛም ሸሸን። ስንመለስ ማሽኔን አንድ ጎረቤቴ በማሽላ ገለባ ሥር ቀብሮ አትርፎልኝ አገኘኋት። ዘይት ቀባኋት፤ እንደ ድሮዋ ሠራች። እጄ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ቁጭ ባልኩ ቁጥር አንድ ሐረግ ብቻ ይመጣል። ከደረት መሃል ተነስቶ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ፣ ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ የሆነ ሐረግ። ደንበኛው መጀመሪያ አላወቀም፤ እኔ ግን አውቄያለሁ። ፈርቼ ነበር። ሥራ የሚያስፈራኝ ሰው አልነበርኩም፤ ያን ሰሞን ግን ጨርቅ ይዞ የሚመጣ ሰው ከሩቅ ሳይ ተነስቼ መደበቅ ያምረኝ ነበር።

ጉዱ የፈነዳው ጎብዬ ላይ ነው። እትዬ ዘነበች የሚባሉ የቆቦ እህል ነጋዴ ትልቁን ልጃቸውን ዳሩና የሙሽራዋን ቀሚስ እኔ ሠራሁ። ጥሎሹ ሲቀርብ፣ ሚዜው ቀሚሱን ከፍ አድርጎ ሲያሳይ፣ ከሙሽራዋ ወገን አንዲት ሴት «ይሄማ ባለፈው ሳምንት የአክስቷ ልጅ የተዳረችበት ነው! ተውሰው ነው እንዴ ያመጡት?» ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው፤ ያኛውንም እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ሐረጉ አንድ ነው። የተዋሱትን ጥሎሽ አቅርቦ መገኘት በኛ አገር እስከ ልጅ ልጅ የሚወራ ውርደት ነው። ሽማግሌዎቹ እትዬ ዘነበችን «የራሳችን ነው» ብለው እንዲምሉ አደረጓቸው፤ ልጅቷም እያለቀሰች ለበሰችው።

በማግስቱ እትዬ ዘነበች በረንዳዬ ላይ መጥተው ቆሙ። አልጮኹም።

«አንተ ነህ የምትሠራው ወይስ ማኅተም ነው የሚመታልህ?» ብለውኝ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ሙሽራ ወደኔ የሚልክ ጠፋ። የተቀደደ ኪስና የለቀቀ ዚፕ እየሰፋሁ ከረምኩ። በሚቀጥለው ጥር፣ በገበያ ቀን፣ እትዬ ዘነበች ራሳቸው ነጭ ጨርቅና አንድ የልክ ቀሚስ በፌስታል ይዘው መጡ። ትንሹ ልጃቸው ለእሑድ ያገባል።

«እትዬ ዘነበች፣ ሌላ ሰው ይሻልዎታል» አልኩ።

«ሌላ ሰው ስሜን አላጠፋውም። ያጠፋኸው አንተ፣ የምትመልሰውም አንተ። ሌላ ጋ ብሄድ ሰው ምን ይላል? ‘ያኔም ተውሳ ነበር’ ይላላ!»

«እጄ እኮ እንደ ድሮው...»

«ስለ እጅህ አልጠየቅኩህም። እሑድ አብረኸኝ ትሄዳለህ። ዳሱ ውስጥ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለህ። የሚታፈር ከሆነ እንደ አምናው ብቻዬን አላፍርም፤ አብረን እናፍራለን።»

ጨርቁ አንድ ብቻ ነበር። ነጭ ጨርቅ ላይ የተጠለፈ ሲፈታ የመርፌው ቀዳዳ ይቀራል፤ ስለዚህ የምሳሳትበት ቦታ አልነበረኝም። በአቡጀዲ ቁራጭ ላይ ሞከርኩ። የክር ጣሳው ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ከተትኩ፤ ቀይ ወጣ፤ ሐረጉ በቀይ መጣ። ክሩን ሳልበጥስ ሞከርኩ፤ ሐረጉ ሳይበጠስ መጣ። አጠገቤ ያለው ጠላፊ ስልኩን አቀበለኝ፤ ውስጡ ጥልፍ በጥልፍ ነው። አንዱን መረጥኩና ስጀምር እጄ ከሥዕሉ ላይ ተንሸራቶ ወደዚያው ሐረግ ታጠፈ። አቡጀዲውን ቀዳድጄ ጣልኩት። የዚያን ዕለት ምሳ አልበላሁም፤ ሚስቴ «ታመሃል?» ስትለኝ «አዎ» አልኳት።

የልክ ቀሚሱን እስከዚያ ድረስ ከፌስታሉ አላወጣሁትም ነበር። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ እሱም እምቢ ካለኝ ሌላ የምሞክረው ስላልነበረኝ ይመስለኛል። ወደ ሠርጉ ሲቃረብ ግን አማራጭ አልነበረምና አወጣሁት። ንጹሕ ነው፣ ሣጥን ሣጥን ይሸታል። የክት ልብሷ ይሆናል አልኩና ገለበጥኩት።

የግራው እጅጌ ጫፍ ውስጡ ተፍቆ ክሩ ወጥቷል፤ ቀኙ ደህና ነው። ግራው ክንድ ላይ ዘይት የፈናጠቀበት ጥቃቅን ቦታ አለ፤ ቀኙ ላይ አንድም የለም። ግራው ዳሌ ላይ እጅ የተጠረገበት፣ ታጥቦም ያልለቀቀ ጥላ ይታያል። ሰው እጁን የሚጠርገው በሚሠራበት በኩል ነው። ቀሚሱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ድምፄን አውጥቼ «ይቺ ልጅ ግራኝ ናት!» አልኩ። ጎረቤቴ ዞሮ አየኝ። ጎንና ጎኑ ላይ ደግሞ ስፌቱ አንዴ ተፈቶ ልኩ ሰፋ ተደርጓል፣ ከዚያ እንደገና ጠቧል። በዚያ ክፉ ጊዜ እንደ ሁላችንም ከስታ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ሳሙናዋን ከጆሮዬ ጀርባ አወጣሁና ወደ ግራ እጄ አዛወርኳት። ለግራኝ ሴት በግራ እጅ ይጀመር ብዬ ነው። ግራ እጄ ሐረጉን አያውቀውም። ቅጠል መሥራት አልቻለችም፤ ተንቀጥቅጣ አንድ ወጣ ገባ መስመር አወጣች። ያንን መስመር ስከተለው ከግራው እጅጌ ጫፍ ተነስቶ ክንዱን ወጣ፣ ትከሻውን ዞረ፣ በግራው ደረት ወርዶ እጅ የተጠረገበት ዳሌ ላይ ፈሰሰ። የዘይቱን ፍንጣሪዎች በወርቅማ ነጠብጣብ ሠራኋቸው። በጎንና ጎኑ ሁለት ቀጭን መስመሮች አወረድኩ፤ አንድ ቦታ ላይ ይራራቃሉ፣ ዝቅ ብሎ ተመልሰው ይገናኛሉ። ቀኙን እጅጌ ተውኩት፤ ጫፉ ላይ አንዲት ክር ብቻ አዞርኩ። መርፌዋን ሳወርድ ጨርቁን የሚመራው ግራ እጄ ነበር። መሃል ላይ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ እኔው መንዙማ እያንጎራጎርኩ ነው፣ ያውም ክርስቲያኑ ሰውዬ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ሥራውን አቋረጥኩ።

ሲያልቅ ግን ፍርሃቱ ተመለሰ። እንደዚህ ያለ ቀሚስ እኔም አይቼ አላውቅም። ጎረቤቴ አይቶት «እጅጌው ቀረህ እኮ» አለኝ። እትዬ ዘነበች ሊያዩት ሲመጡ ቀድሞ ማሳየት የአስተማሪዬ ደንብ አይደለም ብዬ አጥፌ ሰጠኋቸው። አፍጥጠው አዩኝና ወሰዱት።

ሠርጉ ከሮቢት ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ነበር። ዳሱ ውስጥ ሙቀቱ ያፍናል። እትዬ ዘነበች እንዳሉት ፊት ለፊታቸው አስቀመጡኝ። ጫማው ታየ፣ ነጠላው ታየ፣ ጌጡ ታየ፤ ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሚዜው ቀሚሱን በትከሻና በትከሻው ይዞ ከፍ አደረገው።

ከሙሽራዋ ወገን «የእገሊት ነው» የሚል አልመጣም። አንዲት ሴት ግን «ምነው ቀኝ እጅጌው? ክር አለቀባቸው?» አለችና ዳሱ ሳቀ። እትዬ ዘነበች ወደኔ ዞሩ። ከንፈራቸው ነጭ ሆኖ ነበር።

ያን ጊዜ የሙሽራዋ እናት፣ ወይዘሮ ጥሩ፣ ከሴቶቹ መሃል ተነሱ። ጥሎሽ ሲታይ የሴቷ እናት አትነሳም፤ ሁሉም ዞሮ አያቸው። ቀሚሱን ከሚዜው እጅ ወሰዱ። የግራውን እጅጌ ጫፍ በጣታቸው ዳሰሱ፣ ክንዱን ተከትለው ወጡ፣ ከዚያ እጃቸው በጎኑ ወርዶ መስመሮቹ የሚራራቁበት ቦታ ላይ ቆመ።

«ይሄን የሠራ ማነው?»

ተነሳሁ። «እኔ ነኝ።»

«ልጄን የት ታውቃታለህ?»

«አላውቃትም። ለልክ የተላከውን ቀሚስ አይቼ ነው። ግራኝ መሆኗን ከሱ ላይ አየሁ።»

«ይቺ ልጄ ሥራዋ በቀኟ ነው» አሉ። «ግራኝ የነበረችው ታላቋ ናት።»

ሳቁ ቆመ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ነገሩኝ። ታላቂቱ በዚያ ክፉ ጊዜ፣ መንገድ ተዘግቶ ሐኪም ቤት መድረስ ሳይቻል፣ በምጥ ከነልጇ ሞታለች። እናቷ ከዚያ ወዲህ ስሟ በቤታቸው እንዲነሳ አይፈቅዱም። የሣጥኑ ሽታ፣ የሰፋው ጎን፣ ሁሉም አሁን ገባኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ሙሽራዋ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ የላኩት» አለች። «የኔ ቀሚሶች ሁሉም የተጣፉ ናቸው። ለባዕድ ሰው መላክ አፈርኩ። የእህቴን የአበቡን ከሣጥን አወጣሁና ጎኑን በልኬ አጠበብኩት። አንቺን ብጠይቅሽ እምቢ ትያለሽ ብዬ ነው።»

ስሟ ሲነሳ ሴቶቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አንድ ሽማግሌ «በሠርግ ቀን ልቅሶ ደግ አይደለም፤ በሉ ይለፍ፣ ይለፍ» አሉ። እትዬ ዘነበችም ፈጠን ብለው ተነሱ።

«ወይዘሮ ጥሩ፣ በእግዜር ይቅር በሉን። ሻንጣው ውስጥ ከሱቅ የተገዛ ሌላ ቀሚስ አለ። እሱን ትልበስ፣ ይሄን ይዘነው እንሄዳለን።»

እውነቱን ልናገር፤ በዚያች ቅጽበት ያዘንኩት ለእናትየዋ ብቻ አይደለም። ያ ቀሚስ ታጥፎ ሻንጣ ከገባ እጄም አብሮት የሚገባ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ማሽን ላይ የምቀመጥበት ልብ እንደማይኖረኝ አውቄዋለሁ።

ወይዘሮ ጥሩ ቀሚሱን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ማንም እንደሌለ ሰው አወሩ።

«ትንሽ ሳለች ግራ እጇን በመቀነት ከወገቧ ጋር አስሬባት ነበር። ሰው እንዳይስቅባት፣ በቀኟ ትብላ ብዬ። እያለቀሰች በቀኟ ትጎርሳለች። ስፈታላት ወዲያው በግራዋ። ደግሜ አስራታለሁ።»

ከዚያ ቀና ብለው እትዬ ዘነበችን አዩ።

«ሻንጣውን ዝጉት» አሉ። «አንዲት ልጅ ልትወስዱ ነው የመጣችሁት። ሁለቱንም ውሰዱልኝ።»

ሙሽራዋን ወደ ጓዳ ማስገባት እንኳ አልጠበቁም። በሩ ላይ እንደቆመች፣ በለበሰችው ልብስ ላይ፣ ከግራው እጅጌ ጀምረው አለበሷት።